«ገጥሟል» ያልኩ ዕለት

የንስሐ አባቴ ቁጣዬን ያውቃሉ። ጾም የሻርኩባቸውን ቀናት፣ በሰው የቀናሁበትን፣ እናቴን በስልክ የተቆጣሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ስለ አንዲት የብረት ጥርስ ግን አያውቁም። ከእሳቸው በፊት ደብረ ብርሃን የነበሩት አባትም ሳያውቁ ዐረፉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ፍጡር የለም፤ ብቻዬን ስሆን እንኳ ድምፅ አውጥቼ ብዬው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አልቅሼ እግራችሁ ላይ የምወድቅ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ካደረግሁት ውስጥ ዛሬም ደግሜ የማደርገው አለ። የማላደርገውም አለ። ሁለቱን እንዳትቀላቅሉብኝ ነው ከመጀመሪያው የምነግራችሁ።

የምኖረው ጋምቤላ ነው፤ መካኒክ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርድ አሳድጎኝ ሙቀት ሊያስረጀኝ ነው እንግዲህ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ ይባላሉ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስወጣ ሥራ ያልጠየቅሁበት ጋራዥ አልነበረም። አንዱ ቱታው ይሰፋሻል አለኝ። ሌላው ሻይ ማፍላት እችል እንደሆነ ጠየቀና ጓደኞቹን አሳቀ። ጋሽ በየነ ብቻ ምንም ሳይሉ የተበታተነ ካርቡሬተር በሣጥን ሰጡኝና «ግጠሚው» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቀትር ላይ ጨረስኩ። ተቀብለው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱትና ነገ በሁለት ሰዓት ነይ አሉኝ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ አልኳቸው።

ልብ በሉ፤ በጣታቸው ዳሰሱት ነው ያልኩት። ያኔ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዘይት ሲቀዱ ከቀዳዳው አጠገብ ይፈስ ጀመር። ብሎን ሲወድቅባቸው አጎንብሰው አይፈልጉትም፤ በጫማቸው መሬቱን ይዳብሳሉ። ቄስ መስቀል ሲዘረጉላቸው ግንባራቸውን ከመስጠት በፊት በእጃቸው ይፈልጉታል። ክረምት ላይ አንኮበርን የሚያለብሳት ጉም ዓይናቸው ላይ እየወረደ ነበር። ደንበኛ ግን አላወቀም። እንዴት ይወቅ? እጃቸው እኮ ሌላ ነበር። ብሎን መጥበቁን ከመለኪያው ይልቅ አንጓቸው ያውቃል። ጆሯቸውን ኮፈኖው ላይ አስጠግተው የትኛው ፒስቶን እንደታመመ ይናገራሉ። ታዲያ ዝም ብዬ ዓይናቸው ሆንኩ። ተነጋግረንበት አይደለም። ጽሑፍ ሲሆን ለራሴ እንደማነብ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቁልፍ ሲያነሡ «ዐሥራ ሦስት ነው አይደል ጋሼ?» እላለሁ፤ እሳቸውም «አዎ ነው» ይላሉ። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናውቅም።

በዚያ ዓመት ብቸኛ ልጃቸው ሰናይት በወሊድ ታማ ከሞት አፋፍ ደረሰች። ጋሼ ተሳሉ። ከአንኮበር በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የተወለዱበት ቀበሌ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለች። ጋራዡ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ የአባታቸው አሮጌ ላንድክሩዘር ከቆመ ስንት ዘመኑ። ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ሆኖ ነበር። «ልጄን ብታተርፍልኝ፣ ይህን መኪና በገዛ እጄ ጠግኜ፣ በገዛ እጄ ነድቼ፣ ለኅዳር በዓልህ ጃንጥላ አገባለሁ» አሉ። ሰናይት ተረፈች። ሴት ልጅ ታቀፈች። ጃንጥላው ተገዛ፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ። ዶሮዎቹም ተባረሩ።

በገዛ እጄ ነድቼ ነው ያሉት። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንኮበርን አልፋችሁ መውረድ ስትጀምሩ በአንድ ወገን ተራራ ነው፣ በአንድ ወገን ምንም የለም። ከታች የምታዩት የሰው ማሳ እንደ ማዕድ ቤት ሰፌድ ያንሳል። ጠዋት ላይ ጉም ከሥር ይወጣና የመንገዱን ጠርዝ ይበላዋል። ደህና ዓይን ያለው ሹፌር እንኳ እዚያ ላይ ወሬ ያቆማል። ሊሄዱ የተነሡት ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ፣ ሰናይት ከነሕፃኗ፣ በዓሉን ለመሳለም የለመኑ ሁለት የጎረቤት ባልቴቶችና እኔ ነን።

አልተናገርሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ተናግሬያለሁ። ሹፌር እንያዝ፣ እርስዎ አጠገቡ ይቀመጣሉ ብዬ ለመንኩ። «ስለት በተላላኪ አይገባም፣ አስካለ» አሉኝና ወሬው እዚያ ላይ ተዘጋ። እትዬ ዘነቡን ማጀት ድረስ ገብቼ፣ ጋሼ እኮ እንደ ድሮው አያዩም አልኳቸው። ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ ሚካኤል ያደርሰናል አሉኝ። እኔም በሚካኤል አምናለሁ። ወር በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልሳለም ውዬ አላውቅም። ነገር ግን ሚካኤል ክንፍ አለው፤ ላንድክሩዘሩ የለውም። ይህን ማለት ክህደት ከሆነ ክጃለሁ።

ሌላ ማንን ልንገር? ለከተማው ልንገር? ዕውር መካኒክ ብዬ ላስጠራቸው? ቱታ ያለበሱኝን ሰው በአደባባይ ገፍፌ ላቁማቸው?

እንዲህ እያልኩ ሳለ የሞተሩ ፊት ተከፈተ።

ሙያው ለሌላችሁ ላስረዳ። በዚያ ሞተር ፊት ላይ ሁለት ጥርሳም ጊሮች አሉ። ትንሹ ፒስቶኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ላይ ነው። ትልቁ ቫልቮቹን የሚያስከፍተውና የሚያዘጋው ካምሻፍት ላይ። ተናክሰው ይዞራሉ፤ ትንሹ ሁለቴ ሲዞር ትልቁ አንዴ። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ነጥብ ተመትቷል። ስትገጥሟቸው ነጥብና ነጥብ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። በአንድ ጥርስ ብትስቱ ሞተሩ ይነሣል፣ ይሠራልም፣ ግን ጉልበት የለውም። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ የሚመልሰውን ሁልጊዜ አንድ ቃል ዘግይቶ የሚመልስ ሰው አታውቁም? እንደዚያ ነው። ሜዳ ላይ ይጎተታል፤ ዳገት ላይ ይፈላል፤ ይቆማል።

የድሮው ትልቁ ጊር ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር ሌላ ከአዲስ አበባ መጣ። ጋሼ ካምሻፍቱን ከነአዲሱ ጊር ይዘው ወደ ሞተሩ ይገፋሉ፤ እኔ ተንበርክኬ ባትሪ አብርቼ ነጥቡን አያለሁ። ጥርሶቹ ሰያፍ ናቸው፤ ሲገቡ እየዞሩ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ነጥቡን ነጥቡ ላይ ለማሳረፍ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀርቶ መጀመር ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚቀር የሚነግራችሁ መጽሐፍ አይደለም፤ እጅ ነው።

ጋሼ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ገፉት። ጊሩ ዞር እያለ ገባ። አየሁት። ነጥቡ ነጥቡ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ግፊት፣ እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ።

«አልገጠመም፣ ጋሼ» አልኩ።

መዳፋቸው ጊሩ ላይ እንዳለ «እጄ ገጥሟል ነው የሚለኝ» አሉ።

«አልገጠመም። አንድ ጥርስ ወደ እርስዎ ይመልሱት።»

አውራ ጣታቸውን ወደ ነጥቡ ሲሰዱ አየሁ። ያን ነጥብ በጥፍራቸው ቢዳስሱት ኖሮ ውሸቴ እዚያው ባለቀ። ጣታቸው ግን መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። «አንቺ ካልሽ» አሉ። ሳቡት፤ አንድ ጥርስ መለሱት፤ እንደገና ገፉት።

«አሁንስ?»

«ገጥሟል።»

አልገጠመም ነበር። እኔ ነኝ ያሳትኩት። አውቄ፣ አስቤ፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደሚቆም ሳይቀር ገምቼ ነው ያሳትኩት። ገደሉ ጋ ሳይደርስ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው ዳገት እንዲይዘው ነው የፈለግሁት። ዘይት እንዳያልፍ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብተን ክዳኑን አሠርን። ሞተሩ ሲነሣ ጋሼ ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩና ድምፁ አልጣመኝም አሉ። አዲስ ጊር ነው፣ ሲላመድ ይስተካከላል አልኳቸው። ሁለተኛዋን ውሸት መዋሸት ከመጀመሪያዋ ይልቅ ቀለለኝ። እንደዚያ እንደሆነ ንስሐ የምትገቡ ሁሉ ታውቃላችሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው ተነሣን። ባልቴቶቹ እልል አሉ። ከከተማው ሳንወጣ አንድ ጋሪ ከቀኝ ብቅ አለ፤ ፈረሱ ነጭ፣ ጋሪው ባዶ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ። ጋሼ አላዩትም። ሰናይት «አባዬ» ብላ ጮኸች፤ መሪውን ያዝኩ፤ ፈረሱ ተገተረና ለጥቂት ተላለፍን። ባለጋሪው የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። እትዬ ዘነቡ ሕፃኗን ከሰናይት ተቀብለው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። እስከ ዛሬም ያንን ፈረስ ያነሣ ሰው የለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሳል ጀመረው። ራዲያተሩ ፈላ። ቆመ። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ በመጣንበት መንገድ፣ በገበያው መሐል፣ ጃንጥላችንን እንደታቀፍን መለሰን። ያን ቀን ከተማው የተናገረውን ሌላ አገር ሰው ላይናገረው ይችላል። ሻማ አለቀበት፣ ዘይት ጎደለው ያለ የለም። «ሚካኤል አልተቀበለውም» ነው የተባለው። በአንድ የብረት ጥርስ የመጣውን ነገር ከሰማይ የመጣ አደረጉት። ባልቴቶቹ ራሳቸው፣ መንገድ ላይ እልል ያሉት፣ ማታውን ለቀበሌው አዳረሱት።

በእኛ ሙያ ሰዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። የተበላሸ ሥራህን ራስህ አትከፍትም፤ ሌላ ጋራዥ መጥቶ ሰው ባለበት ይከፍተዋል። በራስህ ሥራ ራስህ እንዳትፈርድ ነው። ከፊት ለፊታችን ጋራዥ የነበረው ደምሴ መጥቶ ከፈተ። ጋሼን ገና ልጅ ሳለ ይፈራቸው ነበር አሉ፤ ያን ቀን ግን አልፈራቸውም። ባትሪውን አብርቶ አየና ሳቀ።

«ጋሽ በየነ፣ አንድ ጥርስ? ይህን እኮ የአንድ ሳምንት ተማሪ አይስተውም።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና ዝግ ባለ ድምፅ «አስካለ፣ ነጥቡ ገጥሞ ነበር?» አሉኝ።

በር ከፈቱልኝ እኮ። ተሳስቼ ነው ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያየሁት ብል ያ ሁሉ ሳቅ ወደ እኔ በዞረ። ሴት መካኒክ አትሆንም ይባል ነበር፤ ይባል። ነገር ግን እንዲያ ብል በሳምንቱ ጊሩን አስተካክለው ቁልቁለቱን እንደሚነዱት አውቃለሁ። ፈረሱን አይቻለሁ። ሕፃኗን አይቻለሁ።

«ገጥሞ ነበር» አልኩ።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አንቺ ካየሽው በኋላ ያንሸራተተው እጄ ነው» አሉ። ቱታቸውን አወለቁ፤ ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ደግመው አልለበሱትም።

እዚህ ድረስ ለሠራሁት ፍረዱብኝ ከፈለጋችሁ። እኔ አልፈርድም። በዚያ መኪና ውስጥ ቁልቁለቱን ለመውረድ የሚደፍር ካለ እጁን ያንሣ፣ እጠብቃለሁ። የዋሸሁት ለስድስት ነፍስና ለራሴ ነው። ያቺ ሕፃን ዛሬ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች አሉ። የንስሐ አባቴ ይህን ቢሰሙ ተጸጸቺ ሊሉኝ ነው፤ ያልተጸጸትኩበትን ተጸጽቻለሁ ብዬ በመስቀል ፊት ልዋሽ? አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት አፌን የያዘኝ አንዱ ይህ ነው።

ሌላውን ደግሞ ስሙ። ይህኛውን አልከራከርበትም።

ዓመት ሳይሞላ የጋሼ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። መኪናውን ሸጡት። ከዚያ ወዲያ ምን ነጂ፣ ምን ገደል? የፈራሁት ነገር ሁሉ አለቀ። በዚያው ቀን ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለምን? ሰዉ እኔን ማመስገን ጀምሮ ነበራ። ሽማግሌውን ይዛው የኖረችው ልጅቷ ናት፣ እሷ ባትኖር ድሮ ነበር የሚዋረደው ይባል ነበር። ያ የሻይ ማፍላት ሰውዬ ሳይቀር መኪናውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ጋሼ ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶላቸው ፀሐይ እየሞቁ፣ የእኔን መመስገን በጆሯቸው እየሰሙ ይውላሉ። እኔም እሰማለሁ። ጣፈጠኝ። አራት ዓመት በላሁት። ይህን ደግሞ ለማን ብዬ ነው የምለው? ለየትኛዋ ሕፃን?

አንድ ቀን የተበታተነ ካርቡሬተር በሣጥን አድርጌ እቅፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። እሳቸው እኔን እንደተቀበሉኝ መሆኑ ነው፤ በዚያ ቃል ሳላወጣ ልክሳቸው አስቤ። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና ሣጥኑን መልሰው ዘረጉልኝ። «ዓይኔስ ዕድሜ ወሰደው፤ እጄ ነው የከዳኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ሣጥን ተቀበልኩ። ተቀብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እኔ የተባልኩት ሰው እንዲህ ነኝ። በወሩ ጋምቤላ ሥራ አገኘሁ ብዬ ሄድኩ። ሥራ አግኝቼ አልነበረም፤ ወንበሩን ሸሽቼ ነው።

በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ። ስለ ሙቀቱ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሞተሮቼ ይጠይቁኛል፤ ሁልጊዜ ሲያበቁ «ስለቱ አለብኝ» ይላሉ። ጃንጥላው እስከ ዛሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው ራስጌ ቆሟል። እትዬ ዘነቡ በአውቶብስ ላድርሰው ቢሉ እንቢ አሉ፤ ያልተቀበለኝን በሰው እጅ ልኬ አላስቸግረውም አሉ። ባለፈው ወር ሰናይት ደውላ አባዬ ደክሟል አለችኝ። ሚካኤል የመለሰኝ ሰው ነኝ፣ ስለቴ አንገቴ ላይ እንደታሠረ ልሄድ ነው እያሉ ያለቅሳሉ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ስልክ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። የታመመ ሞተር በድምፅ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ገና ጤና ይስጥልኝ ስል የጎደለኝን ይሰሙታል። ፈሪ በሉኝ፣ ነኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ለሰናይት እልከዋለሁ፤ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ለእናንተም የጻፍኩት ያንን «ሚካኤል አልተቀበለውም» የሚለውን ወሬ ከተማው ስለተናገረው ነው፤ እንግዲህ ከተማው ይመልሰው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ይህን ያነበባችሁ፣ ወሬው በተነሣበት ሁሉ ስሜን ጠርታችሁ አስካለ ናት በሉ።

ሰናይት፣ እዚህ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ጋሼ፣ ሚካኤል አልመለሰዎትም። የመለስኩዎት እኔ ነኝ። ስለቱ በእኔ ላይ ነው፤ ጃንጥላውን እጅዎን ይዤ አብረን የምናገባበት ቀን ቢሰጠን መልካም፣ ባይሰጠን በእግሬ ወርጄ በስምዎ አገባዋለሁ። እንዳይነዱ ስላደረግሁ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። ከዚያ በኋላ ስለበላሁት ምስጋና ደግሞ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ይህን የምጽፈው የእርስዎ የሆነውን ልመልስልዎ ነው። አንድ ጥርስ ወደ እርስዎ ይመልሱት ከማለቴ በፊት፣ ያኔ እጄ ገጥሟል ይለኛል ሲሉኝ፣ ባትሪውን ይዤ እያየሁት ነበር።

ገጥሞ ነበር፣ ጋሼ። ያለ ዓይን፣ በመጀመሪያው ግፊት፣ ነጥቡ ነጥቡ ላይ ነበር።